አራት ፍሬና አንድ ጀሪካን

ዘንጉ የትምህርት ቤቱን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ከሰው ቁመት ይበልጣል። ከላይ እስከ ታች በቀለም ተከፋፍሎ በየክፍሉ ቁጥር ተጽፎበታል። ሚዛን የለም፣ የግፊት መለኪያ የለም፣ ካርድ የሚያወጣ የለም። ተራ የደረሰው ሰው ጫማውን ያወልቃል፣ ጀርባውን ለዘንጉ ይሰጣል፣ ቀጥ ይላል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ መዳፏን አናቱ ላይ አጋድማ «ሦስት» ትላለች። ጎኗ የተቀመጠው ወጣት ሦስት ፍሬ ቆጥሮ ያቀብላል፣ ሌላው ከቢጫ ጀሪካን በኩባያ ውሃ ይቀዳል፣ ሰውየው እዚያው ፊታቸው ይውጣል። ይዞ መሄድ አይቻልም። «ማታ እራት ስበላ እወስደዋለሁ» የሚልም አይሰማም።

ያለነው ጋሞ ደጋ ላይ ነው፤ በጉጌ ተራራ ግድም፣ እንሰቱ ቤቱን በከበበበት አገር። ኩልፎ ውሃውን ከእነዚህ ጋራዎች ሰብስቦ ወደ አርባ ምንጭ ይወርዳል፤ ሲቀላ የተባለውን የከተማዋን ክፍል አልፎ፣ የነጭ ሳርን ደን አቋርጦ ጫሞ ሐይቅ ይገባል። ከተማዋ ስሟን ያገኘችው ከጋራው ሥር ከሚፈልቁት ምንጮች ነውና፣ አርባ ምንጭ ብሎ በተሰየመ አገር ስለ ውሃ እጥረት ማውራት ቀልድ ይመስላል። ችግሩ ምንጩ ከታች፣ ሰዉ ከላይ መሆኑ ነው። ዛሬ ኪኒን የሚዋጥበት ውሃ የመጣው ጠዋት በአንዲት ልጃገረድ ጀርባ ነው። ጀሪካኑ 20 ሊትር ይይዛል፤ እሷ ራሷ ከዘንጉ ሥር ብትቆም አራተኛው መስመር ላይ አትደርስም።

ከሰልፉ መሀል አንዲት አዛውንት አሉ። አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር ትንሽ ወረንጦ አንጠልጥለዋል። ወረንጦ እሾህ ለሚነቅል ሰው ብርቅ አይደለም፤ የእሳቸው ግን ሌላ ሥራ አለው። በየሁለትና ሦስት ሳምንቱ ጎረቤት ይጠሩና ጎረቤቲቱ የዓይናቸውን ቆብ ገልበጥ አድርጋ ወደ ውስጥ የታጠፈውን ሽፋሽፍት አንድ በአንድ ትነቅልላቸዋለች። ፀጉሩ ሲበቅል አጭርና ሻካራ ሆኖ ነው፤ ዓይን በተርገበገበ ቁጥር የዓይኑን የፊት ገጽ ይፍቃል። በቀን ስንት ጊዜ እንደምናርገበግብ አስቡት። ይህን ወረንጦ የጥንት ግብፆችም ያውቁት ነበር፤ ከ3,500 ዓመት በፊት በተጻፈ የሕክምና ጥቅልላቸው ላይ ሽፋሽፍት ስለ መንቀል ሠፍሯል።

በሽታው ትራኮማ ነው፤ በብዙ ቦታ የዓይን ማዝ ይሉታል። የሚያመጣው ክላሚዲያ ትራኮማቲስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ሕፃን ልጅ ላይ ሲጀምር ቀላ ያለ ዓይንና ዓይናር እንጂ ሌላ አይመስልም። ይድናል፣ ተመልሶ ይይዛል፣ ይድናል፣ ይይዛል። በዚህ ምልልስ ውስጥ የዓይኑ ቆብ ከውስጥ በኩል እየጠባሰ ይሄዳል። ጠባሳው እንደ ደረቀ ቆዳ ይሰበሰብና የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ይስባል። አዛውንቷ ዛሬ የሚከፍሉት በአምስት ዓመታቸው የጀመረውን ዕዳ ነው፤ ለእሳቸው ዓይን መፍትሔው ትንሽ ቀዶ ሕክምና እንጂ ኪኒን አይደለም። ይሁን እንጂ እሳቸውም ይለካሉ፣ እሳቸውም ይውጣሉ። «አራት» ትላለች ሠራተኛዋ፤ ቀጥላም በጋሞኛ የሆነ ነገር ጆሯቸው ላይ ተናገረች፤ ሳቁ። ኋላ ስጠይቃት «እማማ፣ ገና አላጠሩም ነው ያልኳቸው» አለችኝ።

አራቱ ፍሬዎች እያንዳንዳቸው 250 ሚሊ ግራም፣ በድምሩ አንድ ግራም፣ አዚትሮማይሲን ናቸው። ፋርማሲ ውስጥ ባጭሩ «አዚትሮ» ይሉታል። ማክሮላይድ ከሚባሉት የአንቲባዮቲክ ቤተሰብ ነው። ይህች የአንድ ቀን ጉርሻ የምትሠራውን ለመረዳት፣ ከእሷ በፊት የነበረውን ማስታወስ ይበጃል። ቴትራሳይክሊን ቅባት ነበር፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለስድስት ሳምንት፣ የሚያለቅስ ሕፃን ዓይን ውስጥ መቀባት። እናቲቱ ስንት ልጅ አላት? ቅባቱ ይቆጠቁጣል፣ እይታን ያደበዝዛል፣ ልጁም በሦስተኛው ቀን ቱቦዋን ሲያይ ይሸሻል። እ.ኤ.አ. በ1993 ጋምቢያ ውስጥ የተደረገ ጥናት አንድ ጊዜ የተዋጠ አዚትሮማይሲን ከስድስት ሳምንቱ ቅባት ጋር የሚስተካከል ውጤት እንዳለው አሳየ። ቅባቱ ዛሬም አለ፤ ስድስት ወር ላልሞላቸው ሕፃናት የሚሰጠው እሱ ነው።

እንዴት አንድ ቀን የተዋጠ ነገር የስድስት ሳምንት ሥራ ይሠራል? ለዚህ ከዘንጉ ራቅ ብሎ ዶርዜ ሸማኔ ቤት መግባት ይቀላል።

ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ዘርግቶ ተቀምጧል። ድሩ ተወጥሯል። መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ይመላለሳል፤ በእያንዳንዱ ምልልስ አንድ ማግ ይጨመራል፤ ያለቀው ጨርቅ ወደ ሆዱ እየቀረበ በእንጨቱ ላይ ይጠቀለላል። ባክቴሪያ ውስጥ በሺዎች የሚቆጠሩ እንዲህ ያሉ የሽመና ዕቃዎች አሉ፤ ራይቦዞም ይባላሉ። የሚሸምኑት ፕሮቲን ነው። ባክቴሪያ ፕሮቲን ካልሸመነ አይበላም፣ አያድግም፣ አይባዛም። አሚኖ አሲዶቹ እንደ ማግ አንድ በአንድ እየተጨመሩ የሚረዝመው ሰንሰለት፣ በራይቦዞሙ ሆድ ውስጥ በተቦረቦረ ጠባብ መተላለፊያ አልፎ ወደ ውጭ ይወጣል።

ማክሮላይድ ሄዶ የሚቀመጠው እዚያ መተላለፊያ ውስጥ፣ አፉ አካባቢ ነው። ድሩን አይበጥስም፤ መወርወሪያውንም አይሰርቅም። ጨርቁ ገና ጥቂት ጣት ሲረዝም መውጫው ላይ ይጋጫል፤ ሽመናው ይቆማል፣ ወይም ጅምሩ ተበጥሶ ይወድቃል። ለረጅም ጊዜ ተመራማሪዎች መድኃኒቱ መውጫውን እንደ ቡሽ ጥርቅም አድርጎ የሚደፍን ይመስላቸው ነበር፤ በኋላ ግን አንዳንድ ፕሮቲኖች በጎን ተሹለክልከው እንደሚያልፉ ታወቀ። ስለዚህ ከቡሽ ይልቅ በር ላይ ቆሞ «አንተ እለፍ፣ አንተ ቁም» የሚል ዘበኛ ቢባል ይሻላል። ለባክቴሪያዋ ለውጥ የለውም፤ ከሚያስፈልጋት ጨርቅ ግማሹ ሳይደርስ ኑሮ የለም። ማክሮላይድ በአብዛኛው ባክቴሪያን ወዲያው አይገድልም፤ ሥራ ያስፈታል እንጂ። ሥራ የፈታችውን የሚጨርሳት የሰውየው የራሱ መከላከያ ነው።

የእኛም ሕዋሶች ራይቦዞም አላቸው። ታዲያ አዛውንቷ አራት ፍሬ ውጠው የእሳቸው ሽመና ለምን አልቆመም? መልሱ አንዲት ፊደል ናት። ማክሮላይድ በሚጣበቅበት ቦታ ላይ የባክቴሪያው ራይቦዞም በአር.ኤን.ኤ ፊደሉ «ኤ» አለው፤ የሰው ሕዋስ ዋና ራይቦዞም እዚያው ቦታ «ጂ» አለው። በዚች ልዩነት መድኃኒቱ አንዱን አጥብቆ ይይዛል፣ ሌላውን አልፎ ይሄዳል። የራይቦዞምን ቅርጽ እስከዚህ ድረስ አጉልተው ያሳዩት አዳ ዮናት፣ ቬንካትራማን ራማክሪሽናንና ቶማስ ስታይትዝ እ.ኤ.አ. በ2009 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል።

ይህ ለትራኮማ ብቻውን አይበቃም። ክላሚዲያ ተራ ባክቴሪያ አይደለችም፤ የምትኖረው በሰው ሕዋስ ውስጥ ነው፣ እንደ ተከራይ ሳይሆን በሩን ከውስጥ እንደቆለፈ ሌባ። ሕዋስ ውስጥ የማይገባ መድኃኒት ከግድግዳው ውጭ ቆሞ ይቀራል። አዚትሮማይሲን ግን ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይከማቻል፤ በተለይ ነጭ የደም ሕዋሶች ከደሙ በብዙ እጥፍ አፍሰው ይይዙትና ቁስልና ብግነት ወዳለበት ሲሄዱ ይዘውት ይሄዳሉ። መድኃኒቱ ራሱን የሚያስጭንበት አህያ አለው ማለት ነው። ከሰውነትም ቶሎ አይወጣም፤ መጠኑ በግማሽ ለመቀነስ ሦስት ቀን ያህል ይፈጅበታል። ክላሚዲያ ገብታ፣ ተባዝታ፣ ሕዋሱን ሰብራ ለመውጣት የሚያስፈልጋት ሁለትና ሦስት ቀን ነው። በሩን ስትከፍት መድኃኒቱ ገና ደጅ ላይ ነው።

የዚህ ቤተሰብ ታሪክ ከአፈር ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1949 አቤላርዶ አጊላር የተባለ ፊሊፒናዊ ሐኪም ከኢሎኢሎ አካባቢ ያፈሰውን አፈር ኤሊ ሊሊ ወደተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ላከ። እዚያ አፈር ውስጥ ከነበረ ረቂቅ ፍጥረት ኤሪትሮማይሲን ወጣ፤ በ1952 ገበያ ላይ ዋለ። ስሙ የመጣው ቀይ ከሚለው የግሪክ ቃል ነው፤ ኤርትራም ስሟን ያገኘችው ከዚያው ቃል፣ በቀይ ባሕር በኩል ነው። መድኃኒት ቤት ገብቶ «ኤሪትሮማይሲን» ያለ ሰው ሳያውቀው የጎረቤታችንን ስም ግማሹን ይጠራል። ኤሪትሮማይሲን ጥሩ ነበር፤ ግን የጨጓራ አሲድ ያፈርሰዋል፣ በቀን ሦስትና አራት ጊዜ ይወሰዳል፣ ሆድ ይቆርጣል። እ.ኤ.አ. በ1980 ዛግሬብ ውስጥ፣ ያኔ ዩጎዝላቪያ በነበረችው፣ የፕሊቫ ኩባንያ ኬሚስት ስሎቦዳን ጆኪችና ባልደረቦቹ ከዚያ ትልቅ ቀለበት ውስጥ አንዲት የናይትሮጅን አቶም ጨመሩ። ባለ 14 አቶሙ ቀለበት ባለ 15 ሆነ። በዚች አንድ አቶም መድኃኒቱ አሲድ የሚችል፣ ሕዋስ የሚገባ፣ የማይቸኩል ሆነ። ፋይዘር ፈቃዱን ገዝቶ ዚትሮማክስ አለው፤ ከ1998 ጀምሮ ለትራኮማ በነፃ ይሰጠዋል፤ የተሰጠው መጠን ከአንድ ቢሊዮን አልፏል። ከሁሉ ብዙውን የወሰደችው ኢትዮጵያ ናት።

ለምን ኢትዮጵያ? እ.ኤ.አ. በ2006 በተጠናቀቀው አገር አቀፍ ጥናት ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ካሉት ሕፃናት ከመቶ 40ዎቹ ንቁ ትራኮማ ነበረባቸው። በአማራ ክልል ከመቶ ከ62 በላይ፣ ያኔ ደቡብ ክልል በሚባለው፣ ጋሞ በነበረበት፣ ከመቶ 33። ዓለም በሽታው ከሕዝብ ጤና ችግርነት ወጥቷል ለማለት ከሚጠይቃቸው መስፈርቶች አንዱ ይህ ቁጥር ከ5 በታች መውረዱ ነው። ስለዚህ ታማሚ እየለዩ ማከም ቀርቶ ሕዝብ በሙሉ እንዲውጥ ተደረገ፤ በበሽታው መጠን ልክ ለአንድ፣ ለሦስት፣ ለአምስት ዓመትና ከዚያም በላይ፣ በዓመት አንድ ጊዜ። አማራ ክልል ውስጥ ከካርተር ማዕከል ጋር እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ ወባና ትራኮማን አጣምሮ የተካሄደው የአንድ ሳምንት ዘመቻ ሚሊዮኖችን ያዳርስ ነበር። በዚህ በኩል፣ በጋሞ፣ በጎፋ፣ በደራሼና በኮንሶ፣ ኦርቢስ የተባለው የዓይን ሕክምና ድርጅት ከመንግሥት ጤና ተቋማት ጋር ለዓመታት ሠርቷል።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ባለፈው ክረምት አዲስ አበባ ጉንፋን ያዘኝና፣ ስሙን የማልጠራው አንድ መድኃኒት ቤት ገብቼ አዚትሮ ጠየቅሁ። ማዘዣ አልጠየቁኝም። ባለ 500 ሦስት ፍሬ ሰጡኝ፤ ሁለቱን ወስጄ ሲሻለኝ ሦስተኛዋ መሳቢያ ውስጥ ቀረች። ያሻለኝ መድኃኒቱ አልነበረም፤ ጉንፋን ቫይረስ ነው፣ ቫይረስ ደግሞ የራሱ የሽመና ዕቃ የለውም። የእኔኑ ራይቦዞም ነጥቆ ይሸምንበታል፤ የእኔ ራይቦዞም ያችን «ጂ» የያዘው ነው፣ ማክሮላይድ አይነካውም። የነካው ጉሮሮዬና አንጀቴ ውስጥ ምንም ያላደረጉኝን ባክቴሪያዎች ነው። ከእነሱ መካከል ያልተሰበሩት ተማሩ።

የሚማሩት እንዲህ ነው። አንዳንዱ ባክቴሪያ በዚያች «ኤ» ፊደል ላይ ትንሽ የኬሚካል ቆብ ይደፋባታል፤ ፊደሏ ያችው ናት፣ መድኃኒቱ ግን መቀመጫ ያጣል። ሌላው የገባውን መድኃኒት መልሶ የሚተፋ ፓምፕ ያበጃል። ብልሃቱንም ከአንዱ ወደ ሌላው ያቀባብሉታል። ይህ በዘመቻውም ታይቷል። በምሥራቅ ጎጃም ጎንቻ ሲሶ እነሴ ወረዳ «ጣና» በተሰኘው ጥናት፣ በየሦስት ወሩ መድኃኒት በተሰጣቸው ሕፃናት ዘንድ ማክሮላይድን የተላመደው የሳንባ ምች ባክቴሪያ በአንድ ዓመት ከመቶ 47 ገደማ ደረሰ፤ ባልተሰጣቸው መንደሮች ከመቶ 9 ነበር። መድኃኒቱ ሲቆም የተላመደው ቁጥር ቀስ በቀስ ወረደ። የትራኮማዋ ክላሚዲያ ራሷ ግን በዘመቻዎቹ ሰበብ ተላምዳለች የሚያሰኝ ማስረጃ አልተገኘም።

ያው ጥናት ማንም ያልጠበቀውን ነገርም አምጥቷል። የዓይን መድኃኒት በተሰጣቸው መንደሮች የሕፃናት ሞት ካልተሰጣቸው በግማሽ ያህል አንሶ ተገኘ። ስለ ዓይን ተነሥተው ስለ መቃብር አወቁ። ተቅማጡን፣ ሳንባ ምቹን ሁሉ መድኃኒቱ ሳይጠየቅ ነክቶት ይሆናል። ይህን ለማጣራት እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በኒጀር፣ በማላዊና በታንዛኒያ የተደረገ ትልቅ ጥናት የሕፃናት ሞት ከመቶ 13.5 መቀነሱን አሳየ። አንድ መድኃኒት ሞት ይቀንሳል፣ መላመድንም ያበዛል፤ ሁለቱም እውነት ነው። እኔ ብጠየቅ ደጋ ላይ በዘንግ ተለክቶ ለሚሰጠው አልጨነቅም፤ የሚያስጨንቀኝ የእኔ መሳቢያ ነው።

ተመራማሪዎቹ ለጥናቶቻቸው የሚያወጡት ስም ይገርመኛል። ከ«ጣና» በኋላ «ጥረት» መጣ፤ ቀጥሎ «ውሃ»፤ አሁን ደግሞ «ክትፎ»። ሁሉም ከእንግሊዝኛ ቃላት ፊደል ተለቅሞ የተሠራ ነው፤ «ክትፎ»ን ለማግኘት ምን ያህል እንደደከሙ መገመት ነው። ከእነዚህ ውስጥ በጣም የሚያሳስበኝ «ውሃ» ነው። ዋግ ኽምራ ውስጥ ለተመረጡ መንደሮች የውሃ መቅጃ ቦታ ተሠራላቸው፣ ሳሙና ተሰጠ፣ ፊት መታጠብና መጸዳጃ ቤት መጠቀም ተሰበከ፤ ሌሎቹ እንደነበሩ ቆዩ። ከሦስት ዓመት በኋላ የዓይን ክላሚዲያ መጠን ሲለካ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልታየም። ለዘመናት «ፊታችሁን ታጠቡ» ስንል ለኖርን ሰዎች መራራ ዜና ነው። ውሃ ከንቱ ነው ማለት ግን አይመስለኝም። ቧንቧ መንደር መድረሱ አንድ ነገር ነው፣ ውሃው ሕፃኑ ፊት ላይ መድረሱ ሌላ። የድሆች በሽታ የሚባለው ትራኮማ ከአውሮፓ ያለ አዚትሮማይሲን የጠፋው ኑሮ ሲሻሻል ነው፤ ያ በሦስት ዓመት አልሆነም። አፍሪካ ውስጥም ይቻላል፤ ጋና እ.ኤ.አ. በ2018 ትራኮማ ከሕዝብ ጤና ችግርነት መውጣቱ ተረጋግጦላታል፣ ማላዊም በ2022።

ታች አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ላይ ኩልፎ ዳር ቆሜ ልጆች ሲንቦጫረቁ አይቻለሁ። ከዝናብ በኋላ ውሃው ሻይ በወተት መስሎ ይደፈርሳል፤ ባጃጅ የሚያጥበውም፣ ልብስ የሚያጥበውም፣ ገላውን የሚታጠበውም እዚያው ነው። ለንጽሕና ምሳሌ የሚሆን ውሃ አይደለም። ግን ከሙቀቱ የተነሣ ልጆቹ በቀን ሁለትና ሦስቴ ይገባሉ፣ ፊታቸው ላይ የደረቀ ዓይናር አይታይም። ደጋ ላይ ጠዋት ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ ውሃው ሩቅ ነው፣ በመጣ ጊዜም ለወጥ፣ ለቡና፣ ለጥጃ ይከፋፈላል። የሕፃኑ ፊት ተራው የመጨረሻ ነው።

ዝንቧ ደግሞ ተራ አትጠብቅም። ሙስካ ሶርቤንስ የምትባለው ዓይን ላይ የምታርፈው ዝንብ የምትራባው በተለይ ሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው። ከአንዱ ሕፃን ዓይናር ቀምሳ ወደ ሌላው ትሄዳለች።

ወደ ዘንጉ እንመለስ። ቀኑ እየመሸ ነው፤ ሰልፉ አጥሯል። ትንንሾቹ ኪኒን አይሰጣቸውም፣ እንዳይታነቁ፤ ለእነሱ ዱቄቱ በውሃ ተበጥብጦ ጣፋጭ ሽሮፕ ይሆንላቸዋል። አራት ዓመት የሚሆናት ልጅ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ወጥታ ተለካች። ሽሮፑን ጠጣች፤ ግማሽ ማንኪያ የሚሆነው ከንፈሯ ጥግ ላይ ቀረ። ወዲያው አንዲት ዝንብ መጥታ ጣፋጩ ላይ አረፈች፣ ሁለተኛዋ ተከተለች። ልጅቷ በእጇ ጀርባ ጠረገችው፤ በዚያው እጅ ዓይኗን አሸች።

የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ አየቻት። ብዕሯን መዝገቡ ላይ አስቀምጣ ተነሣች፤ ጀሪካኑን አዘንብላ ነቀነቀችው። ከሥሩ ትንሽ ቀርቶ ይንቦጫቦጫል። ልጅቷን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ በመዳፏ እየቀዳች፣ መጀመሪያ እጇን፣ ከዚያ አፏን፣ ከዚያ ዓይኗን አጠበችላት። ልጅቷ በብርዱ ጮኸች። ከሰልፉ የቀሩት አምስት ሰዎች ጀሪካኑን ተመለከቱ። አንድ ሰው ያለ ውሃ አራቱንም በደረቁ ዋጠ።